የምን ሥጋ ነው?

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ ሳምቡሳ ነው። ስለ እውነትና ስለ ውሸት የጻፉ ታላላቅ ሰዎች ከፍ ካለ ነገር ይነሣሉ፤ ከነፍስ፣ ከሕግ፣ ከመንግሥት። እኔ የምነሣው ግን ሐረር ገበያ ውስጥ ከዘይት ገና ከወጣ፣ ጣት ከሚያቃጥል ሳምቡሳ ነው። አንባቢ ቢስቅብኝ አልቀየምም። መጀመሪያ ላይ እኔም ስቄያለሁ።

ጥያቄው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ቢያውቅ ኖሮ የማያደርገውን ነገር ሳያውቅ አደረገ እንበል። ማድረጉን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ብትነግሩት ያዝናል፤ ባትነግሩት ምንም ሳይሰማው ይኖራል። ዝም ብትሉ ደግነት ነው ወይስ ሌብነት? ያ ሰው መንገድ ላይ ያገኛችሁት ባዳ ሳይሆን ከአንድ ገበታ አብራችሁት የምትቆርሱት የትዳር ጓደኛችሁ ቢሆንስ?

*

በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ባለቤቴ ስለቷን ለማድረስ ወደ ቁልቢ ገብርኤል ተነሣች፤ እኔም ተከተልኳት። ስለቱ ምን እንደነበረ አልነግራችሁም፤ የራሷ ነው። በተጋባን በአራተኛው ዓመት መሆኑ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለታችን ብቻችንን ከአዲስ አበባ ርቀን ሄደን አናውቅም ነበር።

እኔና እሷ በሆድ ነገር አንገጥምም። እሷ ጠያቂ ናት። ከመጉረሷ በፊት ማን እንደሠራው፣ በምን ዘይት እንደተሠራ፣ ጾም ይሁን ፍስክ ሳታጣራ እጇን አትዘረጋም። እኔ ደግሞ የቀረበልኝን በላተኛ ነኝ። ክርስትና ተነሥቻለሁ፤ ጾም የምጾመው ግን ቤት ውስጥ ሌላ የሚበላ ነገር ስለማይገኝ ነው። የሚገርመው ነገር፣ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ያለኝ፣ መጠየቅና ማጣራት እንጀራዬ የሆነው እኔ ነኝ። በትዳራችን ውስጥ ግን ሙያውን የያዘችው እሷ ናት።

የጉዟችን የመጀመሪያ ቀን ረቡዕ ነበር። ለምሳ መንገድ ላይ ካለች አንዲት ከተማ ወረድንና “የጾም ፓስታ” ብዬ አዘዝኩ። ሳህኑ ሲመጣ ስጎው ቀላ ብሎ፣ ቅባቱ አብረቅርቆ፣ ሽታው አፍ ያስከፍታል። ባለቤቴ ማንኪያዋን ሳታነሣ አስተናጋጁን ጠራችው።

“ወንድሜ፣ ይኼ የጾም ነው?”

“አዎ እህቴ፤ ሥጋውን አንድ በአንድ ለቅሜ አውጥቼላችኋለሁ።”

“ሥጋውስ ወጣ፤ መረቁን በምን አወጣኸው?”

ልጁ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እሷ ዳቦ በሻይ በላች። ሁለቱን ሳህን ፓስታ የጨረስኩት እኔ ነበርኩ። በዚያን ሰዓት “ይቺ ሴት ምነው እንዲህ ታካብዳለች!” ማለቴን አልደብቅም።

በማግስቱ፣ ሐምሌ 19 ቀን፣ ቁልቢ ዋልን። ራስ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ እንዳሠሩት የሚነገርለት ደብር ያለበት ኮረብታ በሰው ተሸፍኖ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሶ፣ ከጃንጥላው ጥላ ስር ጧፍ እየበራ። ባለቤቴ ስለቷን አድርሳ ስትመለስ ፊቷ ላይ ያየሁትን ብርሃን ልገልጸው አልሞክርም። ያን ብርሃን ያነሣሁት በኋላ ለዝምታዬ ሰበብ ስላደረግሁት ነው።

*

ዓርብ ሐረር ገባን። እዚህ ላይ ደግሞ መሪው እኔ ሆንኩ። ምክንያቱም ከዓመታት በፊት ለአንድ ስብሰባ መጥቼ ሁለት ሌሊት ሐረር አድሬ ነበር። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እኔ ግን ከጅቡም ብሼ ቁርበት አንጥፉልኝ ያልኩት ጅብን ከማንም በላይ በሚያውቁ ሰዎች አገር ነበር።

ጁገል ውስጥ እንግዳ የሚቀበሉ አንዲት እናት ቤት ሄድን። የሐረሪዎችን ቤት ያየ ያውቀዋል፤ ግድግዳው በሰፌድና በሳህን አጊጧል፣ ሳሎኑ ደግሞ ከፍና ዝቅ ባሉ መደቦች የተከፋፈለ ነው። መደቦቹን ነደባ ይሏቸዋል፤ እያንዳንዱም የሚቀመጥበት ሰው አለው። እኔ ጫማዬን አውልቄ እንደ አገሬው ሰው ኮራ ብዬ ወጣሁና ከሁሉ በተመቸኝ ቦታ ቁጭ አልኩ። አንዲት ትንሽ ልጅ አፏን በሻሽዋ ሸፍና መሳቅ ጀመረች። የተቀመጥኩት ለካ አሚር ነደባ በሚባለው፣ የቤቱ አባወራ በሚቀመጥበት መደብ ላይ ኖሯል። ልነሣ ስል እናቲቱ “ግድ የለም ልጄ፣ ዛሬ አንተ ሁንልን” አሉኝ። ባለቤቴ ዝቅ ካለው መደብ ላይ ሆና ዓይኔን ፈልጋ ስታገኘው ትከሻዋ በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

ቀጥሎ በሲኒ የሚጠጣ ነገር መጣ። “የሐረር ሻይ ነው” ብዬ ለባለቤቴ አብራራሁላት። ቀመስኩት። ሻይ አይደለም፤ ቡናም አይደለም። እናቲቱ ፈገግ ብለው ቁቲ እንደሚባልና ከቡና ቅጠል እንደሚፈላ ነገሩን። ከቡናው ገለባ የሚፈላም ሌላ መጠጥ አለ። የሐረር ቡና ፍሬው ባሕር ተሻግሮ ስሙን ሲያስጠራ ቅጠሉና ገለባው ቤት ቀርተው ባለቤቱን ያጠጣሉ። በቡና አገር ተወልጄ፣ በቀን ሦስት ሲኒ እየጠጣሁ፣ ቅጠሉ እንደሚፈላ ሳላውቅ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል።

ባለቤቴ እንደ ልማዷ ሲኒውን ከንፈሯ ሳታደርስ ጠየቀች። “እማማ፣ ወተት አለው እንዴ? ዛሬ ዓርብ ስለሆነ ነው።”

“አውቃለሁ ልጄ። ለቤት ሲሆን ወተት እንጨምርበታለን። ለእናንተ ግን ያለ ወተት ነው ያፈላሁት።”

ይህቺን መልስ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ። እኒህ ሙስሊም እናት ማንም ሳይነግራቸው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው የእንግዳቸውን ጾም ጾመውላታል።

ማታ ከቅጥሩ ውጭ ጅብ የሚያበሉ ሰዎች ዘንድ ሄድን። በዓሹራ በዓል ለጅብ ገንፎ የማቅረብ ልማድ ባለበት ከተማ ይህ ብርቅ አይደለም። እኔም ሥጋ የተንጠለጠለበትን አጭር እንጨት በጥርሴ ነክሼ ተንበረከክሁ። ጅቡ ከጨለማ ወጥቶ፣ ትንፋሹ ፊቴን እያሞቀው፣ ሥጋውን ላፍ አድርጎ ሄደ። የምን ሥጋ እንደሆነ አልጠየቀም።

*

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ከጾም ወጣችና በእንቁላል የተሠራ ፈቲራ ማር አፍስሰንበት በላን። ጾመ ሐዋርያት አልፏል፤ ፍልሰታ ገና አልገባም፤ ረቡዕም ዓርብም አይደለም። ለእሷ ሰፊ ቀን ነበር። ወደ ረፋዱ ላይ ግድር መጋላ ወደተባለው ገበያ ወጣን። እዚያ ከሥጋ ተራው በላይ ጭላቶች ያንዣብባሉ። ሥጋ ገዝቶ የሚሄድ ሰው ዘንቢሉን ካልሸፈነ አንዱ ከሰማይ ተወርውሮ ይነጥቀዋል። ይህንንም ለባለቤቴ እኔ ነበርኩ ያስረዳኋት።

አንዲት ሶማሊኛ ተናጋሪ እናት ሳምቡሳ ይጠብሳሉ። ባለቤቴ ጥላ ፈልጋ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች፤ እኔ ልገዛ ሄድኩ። ሴትየዋ ወደ ባለቤቴ ተመለከቱ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው “ሂሊብ ጌል” አሉኝ። ትርጉሙን አላውቅም። ነገር ግን የአገሩ አዋቂ እኔ አይደለሁም እንዴ! ራሴን ነቀነቅሁና “አዎ፣ አዎ፣ ጥሩ ነው” አልኳቸው። ሴትየዋ ትንሽ አመነቱ፤ ከዚያ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ።

“የማን ሥጋ ነው? ጠየቅህ?” አለችኝ ባለቤቴ።

“ጠይቄያለሁ። የእኛው ነው።”

ሦስት በላች። “እንዲህ ያለ ሳምቡሳ በልቼ አላውቅም” አለች። እኔም አንዱን ጨርሼ ሁለተኛውን ወደ አፌ ሳስጠጋ ከኋላዬ ነፋስ የመሰለ ነገር መጣ፤ የክንፍ ጫፍ ጆሮዬን ጠረገኝ፤ እጄ ባዶ ቀረ። ጭላት! ባለቤቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ገበያተኛው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሽንፈቴን ለማካካስ ሌላ ልገዛ ተመለስኩ። ያ ጭላት ባይነጥቀኝ ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

“ይኼ ሥጋ ምንድን ነው እማማ? እንዴት ይጣፍጣል!” አልኳቸው።

“የግመል ነው። ነግሬህ የለም እንዴ? ሂሊብ ጌል አልኩህ፤ አዎ አልክ።” ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “አማርኛው አልመጣልኝም ነበር። የሴትየዋን ማተብ አይቼ ነው የነገርኩህ። ሰው ሳያውቅ ማብላት ለእኛም ኀጢአት ነው። አልነገርካትም?”

“ነግሬያታለሁ” አልኩ።

*

የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ግመል እንደማይበላ የማያውቅ አንባቢ የለም። በኦሪት ግመል ያመሰኳል፣ ሰኮናው ግን ስንጥቅ አይደለም ተብሎ ከማይበሉት ተቆጥሯል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ሥርዓቱን ይዛ ቆይታለች። በዚያ ላይ የመታረዱ ነገር አለ። አንዱ በስመ አብ ብሎ ያርዳል፣ አንዱ ቢስሚላህ ብሎ፤ ሁለቱም የሌላውን አይበላም። ባለቤቴ በአንድ ሳምቡሳ ሁለቱንም መስመር ተሻግራለች ማለት ነው። ያሻገርኳትም እኔ ነኝ።

ያን ጊዜውኑ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኳትም። ምክንያቶቼን ደርድሬ ነበር። አንደኛ፣ የተበላ ተበልቷል፤ ብትሰማ ከማዘን በቀር የምታተርፈው የለም። ሁለተኛ፣ ከስለቷ መልስ ፊቷ ላይ ያለውን ደስታ ማጥፋት ጭካኔ ነው። ሦስተኛ፣ ሳያውቁ የበሉት አያረክስም። አራተኛ፣ ግመልም ቢሆን ሥጋ ነው። ምክንያቶቹ ሁሉ ያማሩ ነበሩ። ዛሬ መለስ ብዬ ስመረምራቸው ግን አንድም ቦታ “እኔ አፍራለሁ” የሚል አላገኘሁም፤ እውነተኛው ምክንያት ያ ብቻ ሆኖ ሳለ።

ደግሞም ዝምታ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ቀለብ ይፈልጋል። እሑድ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ባለቤቴ አውቶቡስ ውስጥ ከጎኗ ለተቀመጠችው ሴት “እህቴ፣ ሐረር ከሄድሽ ሳምቡሳዋን እንዳታልፊያት” ስትል ሰማሁና ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ቤት ስንደርስ ለእናቷ ስልክ ደውላ አወራችላቸው። አማቴ ምን ቅመም ቢጨምሩበት ነው ብለው ጠየቁ። “ቆይ እሱን ልጠይቅልሽ” ብላ ወደ እኔ ዞረች። “የአካባቢው ቅመም ነው” አልኩ። ይኸው ሦስተኛ ውሸቴ ነው፤ ለሚስቴ አንድ፣ ለሳምቡሳ ጠባሿ አንድ፣ ለአማቴ አንድ።

ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ገባ። ባለቤቴ ጾሙን ጠብቃ፣ ንስሓ አባቷን አግኝታ፣ ሥጋ ወደሙ ልትቀበል አሰበች። ያኔ ቀልዱ ከፊቴ ላይ ረገፈ። ለእኔ ግመሉ ቀልድ ነው። ለእሷ ግን በነፍሷ ፊት ቆማ የምትቆጥረው ነገር ነው። ከምትናዘዘው ውስጥ አንዱን ደብቄ የያዝኩባት እኔ ነበርኩ።

ሰው ሲጨንቀው መጽሐፍ ይገልጣል። መጀመሪያ የሄድኩት የሚደግፈኝ ዘንድ ነው። በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ፣ የደራሲው ማንነት ዛሬም ምሁራንን ቢያከራክርም፣ ስለ ጾምና ስለ ምግብ የወጡትን ሕጎች ከፈጣሪ ሳይሆን ከሰው የመጡ አድርጎ ይመረምራል። ደስ አለኝ። ገጹን ገልበጥ ሳደርግ ግን ዘርዐ ያዕቆብ ሒሩትን ሲያገባት ገረድ ሆና እንዳትኖር፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል መሆናቸውን ሲናገር አገኘሁት። እኩል! የምትበላውን የማታውቅ ሚስትና የምትበላውን ብቻውን የሚያውቅ ባል እንዴት ሆነው እኩል ይሆናሉ? ከመጽሐፉ የፈለግሁትን ገጽ ልወስድ ሄጄ ያልፈለግሁትን ተሸክሜ ተመለስኩ።

ጀርመናዊው ካንት በ1797 እ.ኤ.አ. ባወጣው አጭር ጽሑፍ ወዳጅህን ሊገድል የመጣ ሰው “የት አለ?” ብሎ ቢጠይቅህ እንኳ መዋሸት አይገባህም ይላል። ይህን የጻፈው ቤንጃማን ኮንስታን ለተባለ ፈረንሳይኛ ጸሐፊ መልስ ነው። ኮንስታን እውነት የመስማት መብት ላለው ሰው ብቻ ነው እውነት የምንነግረው ይል ነበር። እኔ በካንት ጥብቅነት አልስማማም፤ ለነፍሰ ገዳይ እዋሻለሁ። ስለዚህ ወደ ኮንስታን ወገን ዞርኩ። እሱም አላዳነኝም። በሆዷ ውስጥ ስላለው ነገር እውነቱን የመስማት መብት ከባለቤቱ የበለጠ ለማን ነው? በጥብቁም ሕግ ጥፋተኛ ነኝ፤ በልሉም ሕግ ጥፋተኛ ነኝ።

ሲሴላ ቦክ የምትባል ስዊድን የተወለደች አሜሪካዊት ፈላስፋ ደግሞ በ1978 እ.ኤ.አ. ስለ ውሸት በጻፈችው መጽሐፍ የሚዋሸው ሰው ነገሩን በራሱ ዓይን ብቻ ማየት እንደሚቀናው፣ በተዋሸው ሰው ቦታ ሆኖ ማየት እንዳለበት ታሳስባለች። ሞከርኩት። በእሷ ቦታ ቆሜ ያንን ሳምቡሳ ስመለከት ግመሉ ጠፋ። የቀረው “ጠይቄያለሁ” የምትለው ቃል ብቻ ሆነች።

*

ነሐሴ 3 ቀን ማታ ሽሮና ጎመን ቀርቦ እየበላን ነው። ባለቤቴ እንደ ወትሮዋ ጠቅለል አድርጋ ጎርሻ ወደ አፌ ዘረጋች። ከፈትኩ፣ ጎረስኩ። ምን እንዳለበት አልጠየቅሁም። ያ ጅብ ታወሰኝ። ከዚያም ጅቡ ሳይሆን እሷ ታወሰችኝ፤ ገበያው መሃል ቆማ ከእጄ ተቀብላ ስትበላ። ጉርሻ የሚቀበል ሰው አይጠይቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃኝ ነበር፤ እሱንም ዋሽቻት ነበር።

ነገርኳት።

ማኘኳን አቆመች። ውኃ ጠጣች። ከዚያ የጠየቀችኝ ስለ ግመሉ አልነበረም።

“መቼ አወቅህ?”

“ያኔውኑ። ጭላቱ ነጥቆኝ ስመለስ።”

“ጠይቄያለሁ ያልከኝስ?”

“አልጠየቅሁም ነበር።”

“ግመሉን ሳላውቅ ነው የበላሁት፤ ለሱ አባት አለኝ” አለች። “አንተ ግን አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አብሬህ ስበላ፣ ስስቅ፣ ለእናቴ ሳወራ፣ ሁሉን እያወቅህ ታየኝ ነበር። እኔ ያኔ የማየው ሰው ማን ነበር?”

መልስ አልነበረኝም። ሦስት ቀን ከሚያስፈልገው በላይ አላነጋገረችኝም። በአራተኛው ቀን ንስሓ አባቷ ዘንድ ሄደች። ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ በር ላይ ቆማ፣ “ለእኔ ባለማወቅ ነው ብለው ቀለል ያለ ቀኖና ሰጡኝ” አለች። “ለአንተ ደግሞ አርባ አንድ ስግደት ልከውልሃል።”

“ለእኔ? እኔ መቼ ተናዘዝኩ?”

“ሚስትህ ተናዘዘችልህ።”

ሳቀች። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ የልብ ሳቋ ነበር። ሰገድኩ ወይ? ይህ የእኔና የአባ ጉዳይ ነው። ጉልበቴ ሦስት ቀን አሞኝ ነበር ካልኩ ይበቃል።

*

አንድ ወዳጄ ይህን ታሪክ ሰምቶ፣ “እና ሰው ቤት ስንጋበዝ ያረረውን ወጥ ጣፋጭ ነው አንልም ልትል ነው?” ብሎ ተከራከረኝ። አልልም። አማቴ ቤት ጨው የበዛበት ወጥ ሲቀርብልኝ እጄን እስከ ክንዴ ነክሬ እበላለሁ፤ “እጅዎን ይባርክ” እላለሁ፤ ሲጨመርልኝም እቀበላለሁ። ይሉኝታ ይሉታል፤ አንዳንዱ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ አልንቀውም። ነገር ግን ያን ጊዜ የዋሸሁት ስለ ራሴ ምላስ ነው። ምላሱ የእኔ ነው፤ ጨው የበዛበትን የቀመሰው እሱ ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው እሱ ነው። ሐረር ላይ የዋሸሁት ግን በእሷ ሆድ፣ በእሷ እምነት ላይ ነበር። ከራስ ኪስ አውጥቶ መስጠት ቸርነት ነው፤ ከሌላ ሰው ኪስ አውጥቶ መስጠትን ግን ማንም ቸርነት አይለውም።

ሌላም ነገር አለ። በዚህች አገር የተለያየ እምነት ያላቸው ሰዎች አብረው ሲኖሩ ሰርግና ለቅሶ ላይ ለሙስሊሙ ለብቻ ይታረዳል፣ ለክርስቲያኑ ለብቻ። ድስቱ ይለያያል፤ ድንኳኑ አንድ ነው። ልጅ ሆኜ ይህን ሳይ ሰውን ከሰው የሚለይ ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አላየውም። ሥጋ አንዴ ከተከተፈ በኋላ መስቀልም የለበትም፣ ጨረቃም የለበትም። እንግዳው የሚበላው ሥጋውን አምኖ አይደለም፤ “ይኼ የእናንተ ነው” ያለውን ሰው ቃል አምኖ ነው። አብሮ መኖሩ ያረፈው በዚያች ቃል ላይ ነው። ቁቲውን ያለ ወተት ያፈሉት እናት ቃሉን ጠብቀዋል። ማተብ አይተው በማይችሉት ቋንቋ ሊያስጠነቅቁ የሞከሩት ሳምቡሳ ጠባሿም ጠብቀዋል። ሁለቱም ባለቤቴን አያውቋትም። በዚያ ጉዞ ላይ ቃሉን ያላከበረው አራት ዓመት አብሯት የኖረው ሰው ብቻ ነበር።

እውነት ሁልጊዜ ይነገር የሚል ሕግ ላወጣ አልደፍርም፤ ሰውን በእውነት የሚደበድቡ ሰዎችም አይቻለሁ። የእኔ ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው። የምደብቀው ነገር የማን ነው? የእኔ ከሆነ ልደብቀውም ልናገረውም እችል ይሆናል። የእሷ ከሆነ ግን ዝም ባልኩ ቁጥር እየወሰድኩባት ነው። ሐዘኑም ቢሆን የእሷ ነበር። ልታዝንበት፣ ልትናዘዘው፣ ምናልባትም ልትስቅበት መብት ነበራት። ያን ሁሉ አሥራ ሁለት ቀን ከልክያታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ አብረን ሄደናል። አርባ ምንጭ ላይ የዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ውስጥ ተሰንቅሮ መንደሩን ሁሉ ለፍልፈን አስቸግረናል፤ ጨንቻ ላይ ቆጮ በማር በልተን ለአንድ ሳምንት ስለሱ ስናወራ ሰንብተናል። ቆጮው እንዴት እንደሚቀበርና እንደሚብላላ ከመብላታችን በፊት ስትጠይቅ፣ እኔም አብሬያት ቆሜ ሰማሁ። ጥያቄዋ ጊዜ ይወስዳል፤ ምግቡ አንዳንዴ ይቀዘቅዛል።

ባለፈው ሰሞን አራት ኪሎ አካባቢ በእግር እየሄድን ሳለ ሳምቡሳ የሚጠብስ ልጅ አየንና ልገዛ ሄድኩ። በወረቀት ይዤ ስመለስ ባለቤቴ እጇን ሳትዘረጋ ዓይኔን አየችኝ።

“ጠየቅህ?”

በእጄ ላይ ያለውን ወረቀት አየሁት። ትኩስ ነው፤ ዘይቱ ወረቀቱን አርሶታል። ሽታው የምስር ይመስላል። የምስር መሆን አለበት።

“አልጠየቅሁም” አልኩ። “ቆይ፣ ጠይቄ ልምጣ።”